የኤዶ ዳሀቦ ጆሮ

ሲቪዬ ላይ በአስተርጓሚነት መሥራት የጀመርኩት ከዩኒቨርሲቲ ከወጣሁ በኋላ እንደሆነ ተጽፏል። ውሸት ነው። የጀመርኩት በዘጠኝ ዓመቴ፣ ሐርጌሳ ውስጥ 31 ሜይ በሚባለው ሰፈር፣ በኤዶ ዳሀቦ ልብስ ስፌት ቤት ነው። ደመወዜ ሳምቡሳ ነበር። ከእኔ የተሻለ አስተርጓሚ በከተማው እንደሌለም አምን ነበር።

ከከሚሴ ከመጣን ሁለት ዓመት አልሞላንም። አባቴ አያሃ ወደሚባለው ሰፈር ለግንብ ሥራ ጎህ ሲቀድ ወጥቶ ሲመሽ ይመለሳል። እናቴ ሰልዋና የአባቴ እህት ፈዲላ ኤዶ ዳሀቦ ዘንድ ተቀጥረው ነበር፤ ፈዲላ ጨርቅ ትቆርጣለች፣ እናቴ ጫፍ ትቀመቅማለች፣ ትተኩሳለች። ኸድራ የምትባል ከሐረር ገጠር የመጣች ወጣት ደግሞ ታጥባለች፣ ያለቀውን ልብስ በየደንበኛው ቤት ታደርሳለች፣ ሲመሽም በሩን ቆልፋ የምትወጣው እሷ ናት። ሦስቱም ሱማሊኛ ከሰላምታ አያልፍላቸውም። እኔ ግን ከሰፈር ልጆችና ከቁርአን ቤት ለቃቅሜው ስለነበር፣ ትምህርቴን እንደጨረስኩ እየሮጥኩ ስፌት ቤቱ እገባና በእነሱና በኤዶ ዳሀቦ መካከል እቆማለሁ።

«ኤዶ» በሱማሊኛ አክስት እንደማለት ነው፤ ልጆች ትልልቅ ሴቶችን በአክብሮት የሚጠሩበት ነው። ኤዶ ዳሀቦ ሞላ ያለች፣ ዝምተኛ፣ ከስፌት መኪናዋ ቀና የማትል ሴት ነበረች። የእኛ ሴቶች እፊቷ ተቀምጠው እንደ ልባቸው ያሟታል።

«ዛሬ ደግሞ ምን ነክቷት ነው ፊቷን እንዲህ ያጨፈገገችው? አፍንጫዋ ይበልጥ ተነፋ እኮ!» ትላለች ፈዲላ መቀሱን እያንኳኳች።

ኤዶ ዳሀቦ ወደ እኔ ዞራ «ምን አለች?» ትለኛለች።

«ደህና አደርሽ ወይ ነው የምትለው፣ ኤዶ።»

ኤዶ ዳሀቦ አንገቷን ትደፋና ትከሻዋ ይርገበገባል። ክር መርፌ ቀዳዳ ውስጥ አልገባ ብሏት የምትታገል ይመስለኝ ነበር። ለካ እየሳቀች ነበር።

እናቴ ሥራውን ስታስተምረኝ አንድ ነገር ነው ያስጠነቀቀችኝ። «የሰማሽውን ሁሉ አታቀብዪ። በያት ያልኩሽን ብቻ በያት።» እኔም እንደ ዘበኛ ነበር የምቆመው፤ ከእኔ ፈቃድ ውጪ አንዲት ቃል ወደዚያች ሴት ጆሮ እንደማትደርስ እርግጠኛ ነበርኩ። በዚህ የተማመነችው እናቴ የባሏን ነገር፣ የአማቷን ነገር፣ የሌሊት ጭንቀቷን ሁሉ እዚያው ካውያው አጠገብ ቆማ ታወራ ነበር።

ከሴቶቹ ሁሉ የምወደው ኸድራን ነበር። ጸጉሬን ሳታሳምመኝ ትሠራኝ ነበር። ዳሚ ሰፈር ሻይ ቤት የሚሠራ ኸሊፋ የሚባል ልጅ አጭቷት፣ ኒካሑ ከረመዳን በኋላ ሊታሰር ቀጠሮ ተይዟል። ኤዶ ዳሀቦ ከምትሰጣት ቁርጥራጭ ጨርቅ የራሷን ቀሚስ በትርፍ ሰዓቷ እየሰፋች ጡቱ ጋ ይጠባል ይሰፋል እያለች እኔን ታማክረኛለች። እኔም የማውቅ መስዬ አስተያየት እሰጣለሁ።

ከዚያ ኢፍቲን የምትባል የአንዲት ደንበኛ ሙሽራ ጋርባሳር መጣ። ጋርባሳር የሱማሌ ሴቶች ትከሻቸው ላይ ጣል የሚያደርጉት ሰፊ ነጠላ ነገር ነው፤ ይሄኛው ወርቅማ ሐር ነበር፤ የሙሽራው ቤተሰብ ከዱባይ አስመጥቶት ጫፉ እንዲቀመቀም ብቻ ነው የተላከው። ኤዶ ዳሀቦ ራሷ እጇን ሳትታጠብ አትነካውም ነበር።

በማግስቱ ከቁርአን ቤት ስመለስ እናቴ ወለሉ ላይ ተቀምጣ ሁለት እጆቿን ጭኗ ላይ ዘርግታ ታያቸዋለች። ቤቱ የተቃጠለ ጸጉር፣ የተቃጠለ ጸጉር ይሸታል። ፈዲላ አንድ ነገር በጥቁር ፌስታል ጠቅልላ ከአባያዋ ስር ሸጎጠችው። ኤዶ ዳሀቦ ገበያ ወጥታለች፤ ኸድራም ልብስ ለማድረስ ሄዳለች።

«ምንድን ነው የሚሸተው?» አልኩ።

«ቁርጥራጭ ጨርቅ ነው። እናትሽን ራሷን አሟታል፣ አትነዝንዢ» አለችኝ ፈዲላ።

አመንኳት። ማታ ቤት ገብተን የእናቴን ግንባር እያሸሁላት ሳለ እንባዋ በጆሮዋ በኩል ፈሰሰ። እጄ ከብዷት መስሎኝ ቀስ ብዬ ማሸት ጀመርኩ፤ ይባስ አለቀሰች። ልጅ ስትሆን የሰው እንባ ሁሉ ካንቺ እጅ የመጣ ይመስልሻል፤ የእኔ ተራ እስኪደርስ ግን ገና ነበር።

በነጋታው ጋርባሳሩ ጠፋ ተባለ። የሙሽራዋ አክስት ሻምሶ ልትወስደው መጥታ በሩ ላይ ቆማለች፤ ድምፅዋ ጎዳናው ድረስ ይሰማል። ኤዶ ዳሀቦ መደርደሪያውን ሁለት ጊዜ አራገፈችና እናቴን ጠይቂያት አለችኝ።

እናቴ ወለሉን እያየች «ተኩሼ፣ አጥፌ፣ መደርደሪያው ላይ አስቀምጬዋለሁ በያት» አለችኝ። አንዲትም ቃል ሳላጎድል ተረጎምኩ። የሁሉም ዓይን ኸድራ ላይ ዞረ፤ በሩን የምትቆልፈው እሷ ናታ።

ኸድራ ነገሩ የገባት ቆይቶ ነው። ሲገባት ወደ ሻምሶም ወደ ኤዶ ዳሀቦም አልሄደችም፤ የእናቴን ክንድ ያዘች። «እትዬ ሰልዋ፣ ተዪ እንጂ! ስወጣ እኮ መደርደሪያው ላይ ምንም አልነበረም። አንቺ እንኳ ተናገሪልኝ! እኔ እዚህ አገር ማን አለኝ? በአላህ ይሁንብሽ፣ አንዲት ቃል ተናገሪልኝ!»

እናቴ ጆሮ ዳባ ልበስ ብላ የያዘችውን ክር በጥርሷ በጠሰች። ፈዲላ በአገጯ ወደ እኔ እያመለከተች «ይህን እንዳታስተረጉሚ» አለችኝ።

«ምን ትላለች?» አለች ሻምሶ። «ልጅቷ ምን ትላለች?»

ኤዶ ዳሀቦም አየችኝ። ሁሉም አዩኝ። አስተርጓሚ ዝም ካለ ሥራውን አያውቅም ማለት መስሎኝ ነበር። ደግሞም ኸድራን ላድናት ፈልጌ ነበር፤ በእኔ ዓለም ልጅ ሰው ተቆጥቶት ሲያለቅስ ከጉዱ የሚያወጣው አንድ ቃል ነው።

«ይቅርታ ነው የምትለው» አልኩ በሱማሊኛ።

ሻምሶ እጇን አጨበጨበች። «አያችሁ! በራሷ አፍ!» ኤዶ ዳሀቦ አፏን ከፈተች፤ ዘጋችው። ከዚያ መነጽሯን አውልቃ በቀሚሷ ጫፍ ብዙ ጊዜ ወለወለችው። ኸድራ በዚያው ቀን ተባረረች። እኔ ሳምቡሳዬን በላሁ፤ ይቅርታ ብላ እንኳ ለምን እንዳባረሯት አልገባኝም። ኤዶ ዳሀቦን ክፉ ሴት አልኳት።

ወሬው ዳሚ ለመድረስ አልዘገየም። የኸሊፋ ቤተሰቦች ሌባ አናገባም ብለው ኒካሑን አቆሙት። የሚያሠራት ቤት ስላጣች አያሃ ሄዳ የቀን ሥራ ገባች፤ አባቴ ድንጋይ ስታቀብል አይቷታል። ይህን እራት ላይ ሲናገር እናቴ ጉርሻዋን መልሳ ሳህኑ ላይ አስቀመጠችው። አባቴ ምግቡ ጨው በዝቶበት እንደሆነ ጠየቃት።

ረመዳን ሊገባ ሲል ትንሹ ወንድሜ ሪያድ ትኩሳት ያዘው። እናቴ ከሥራ መቅረት ፈርታ በጀርባዋ አዝላው መጣች። እኩለ ቀን ላይ ልጁ ማልቀሱን ትቶ ዝም ሲል እሷ ግን ዝም ማለት አልቻለችም።

«የዚያች ልጅ እንባ ነው ፈዲላ። ይሄ የዚያች ልጅ እንባ ነው። ስትለምነኝ ዓይኗን እያየሁ ክር በጠስኩ።»

«ዝም በይ፣ ሰው ይሰማሻል!»

«ማን ይሰማኛል? ዳሀቦ እንደሆነች ቃል አይገባት። ጨርቁን ያቃጠልኩት እኔ፣ የጣልሽው አንቺ፣ ሌባ የተባለችው እሷ! የት ወድቃ ይሆን አሁን?»

ያ ጊዜ ነው ያወቅኩት። ጥቁሩ ፌስታል፣ ሽታው፣ የእናቴ እጆች፣ ሁሉም ባንድ ጊዜ ገባኝ። ወደ ኤዶ ዳሀቦ ዞር አልኩ። የስፌት መኪናዋ ቆሟል። ተነሥታ ወደ ጓዳ ገባች፤ የቧንቧ ውሃ ለረጅም ጊዜ ሲፈስ ሰማሁ። ፊቷ ረጥቦ፣ ዓይኗ ቀልቶ ተመለሰችና ተቀመጠች። የአስር ሶላት አዛን ገና አልተባለም፤ ቀድማ የሶላት ትጥበቷን፣ ዉዱእ ማድረጓን ሳይ ሃይማኖተኛነቷን አደነቅኩ። ምን አሉ ብላ ስላልጠየቀችኝም ደስ አለኝ። እናቴን ጠብቄ ያዳንኳት እኔ ነኝ ብዬ ኮራሁ።

አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ የዶርም ጓደኛዬ ክርስቲያን ነበረች፤ አንድ ማታ ኦሪት ዘፍጥረትን አውሳኝ አነበብኩ። የነቢዩ ዩሱፍን ታሪክ ከሱራው በቃሌ ስለማውቀው ልዩነቱን ለማየት ነበር። ወንድሞቹ እህል ፍለጋ ግብፅ ወርደው ዩሱፍ ፊት ቆመዋል፤ አላወቁትም። መከራ ሲከባቸው በገዛ ቋንቋቸው እርስ በርሳቸው ይነጋገራሉ፤ ያ ልጅ ሲለምነን ጭንቀቱን እያየን አልሰማነውም፣ ይህ ሁሉ የመጣብን በእሱ ነው ይባባላሉ። እንደሚሰማቸው አያውቁም፤ በመካከላቸው አስተርጓሚ ቆሟልና። እሱም ዞር ብሎ ያለቅሳል። እዚህ ስደርስ መጽሐፉን ከድኜ ወደ ኮሪደሩ ወጣሁ።

ሰው ስለ ዩሱፍ እንባ ብዙ ይላል፤ ስለ ወንድሞቹም በደል። አስተርጓሚውን ግን ማንም አያነሳውም። መጽሐፉም ደግሞ አይጠራውም። ሁለቱንም ቋንቋ ያውቃል እኮ፤ እሱም ሰምቷል! የአሥር ሰው ኑዛዜ በጆሮው ገብቶ ሲያበቃ ማታ ቤቱ ሄዶ እራቱን በልቶ ተኝቷል። እዚያው ኦሪት መጀመሪያ ላይ አደምና ሐዋ በቅጠል ተሸፍነው ከዛፍ ጀርባ ሲደበቁ አለ፤ ያ ሀፍረት ነው፤ የፈዲላ ዓይነት፣ ማን አየን የሚል። የወንድሞቹ ግን የእናቴ ዓይነት ነው፤ የበደሉት ሰው ዓይን ከፊታቸው አልሄድ ብሏቸዋል። እኔ የትኛው እንደነበረኝ ለራሴ ስጠይቅ መልሱ አላማረኝም፤ ሁለቱም አልነበረኝም።

ኤዶ ዳሀቦ እናቴ ያን ሁሉ በተናገረችበት ቀን በቤት መኪናዋ ሪያድን ሐኪም ዘንድ አስወሰደችው፤ ታይፎይድ ነበር፣ ዳነ። የግመል ወተት ትልክልን ጀመር። እናቴ ወተቱን ስታየው ፊቷ ይገረጣል። «ምን አስባ ነው?» ትላለች፤ «ምን ፈልጋ ነው እንዲህ የምትሆንልን?» እኔ ደግሞ ወተቱን ጭልጥ አድርጌ እየጠጣሁ እናቴ ውለታ አታውቅም እል ነበር።

ዛሬ የማውቀውን ያኔ ባውቅ ወተቱ አይወርድልኝም ነበር። ኤዶ ዳሀቦ በጦርነቱ ጊዜ ሕፃን ሆና ከሐርጌሳ ተሰድዳ ድሬዳዋ ነው ያደገች፤ በአማርኛ ነው የተማረች። ካደግሁ በኋላ ለምን እንደደበቀች ጠየቅኳት። «ፈዲላ የመጀመሪያ ቀን ስለ አፍንጫዬ ተናገረች» አለችኝ። «ያን ቀን ብመልስላት ስቀን እናልፈው ነበር። ሳልመልስ አደርኩ። ከዚያ እናትሽ የቤቷን ሁሉ ፊቴ ዘርግፋ፣ እኔ ሁሉን ሰምቼ፣ እንዴት ብዬ አፌን ልክፈት? አፈርኩ፣ ካውሰር። በሀፍረቴ ልጅቷን አስበላኋት።» ወተቱ ለእናቴ ደግነት አልነበረም። እናቴ በራሷ አፍ እንድትናገርላትና ከዕዳው እንድትገላግላት የምትለማመጥበት ነበር።

ከኢድ በኋላ ኸድራ መጣች። ከሰፈሩ ሽማግሌ ከሼህ ፋራህ ጋር ነው የመጣችው፤ ሻምሶንም አስጠርተዋታል። ኸድራ ከስታለች፣ መዳፏ ተሰነጣጥቋል። ስሟ ካልነጻ ኒካሑ ለዘላለም ቀረ፣ ሥራም አታገኝም። ስለዚህ ቁርአን ይምጣና ልማል አለች፤ ግን እኔ ብቻ አልምልም፣ እዚያ ቤት የሠራን ሁሉ እንማል። ይህን ተርጉሜ ለሼሁ ነገርኳቸው። ተስማሙ።

ኸድራ ዉዱእ አድርጋ እጇን ቁርአኑ ላይ አኑራ ማለች። የእናቴ ተራ ደረሰ። እናቴ ከቧንቧው ስትመለስ ውሃው ከክንዷ ወለሉ ላይ ይንጠባጠባል። ፈዲላ በአማርኛ አንሾካሾከችላት። «ማይ በቃ። ኋላ ጾመሽ ታካክሺዋለሽ።»

እናቴ ከምትፈራው ሁሉ አላህን ትፈራለች። በሐሰት ብትምል ሪያድ ትኩሳቱ ተመልሶበት እንደሚሞትባት ታምን ነበር፤ ብትናገር ደግሞ ሁላችንም ከሥራም ከአገርም እንባረራለን ብላ ትፈራ ነበር። እጇን ዘረጋች። ጣቶቿ ሽፋኑን ሊነኩ ነው።

«ሰልዋ፣ አትማይ።»

ማን እንደተናገረ ለማየት ወደ በሩ ዞርኩ። በሩ ላይ ማንም የለም።

«አትማይ፣ እህቴ» አለች ኤዶ ዳሀቦ እንደገና፤ አማርኛዋ የድሬ ሰው አማርኛ ነው። «እጅሽን መልሺ። ሰምቻለሁ እኮ። ሁሉንም ሰምቻለሁ።»

የፈዲላ መቀስ ወደቀ። እኔ ያን ጊዜ ምን እንዳሰብኩ ልናገር፤ ስለ ኸድራ አላሰብኩም። ያሰብኩት ስለዚያ ሁሉ «ደህና አደርሽ ወይ» ነበር። አስተርጓሚነቴ ሁሉ ውሸት እንደነበር ሴትየዋ ታውቃለች! ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ፤ ስላልተከፈተች ልብስ ከሚለካበት መጋረጃ ጀርባ ገባሁ። ሁሉም የሚያለቅሱት እኔ ስለዋሸሁ መሰለኝ፤ በልጅ ግምት ተሳስቼ ነበር፣ ግን ብዙ አልተሳሳትኩም።

እናቴ ተንበርክካ ሁሉንም ተናገረች። ኤዶ ዳሀቦ ቃል በቃል ለሼሁና ለሻምሶ ተረጎመችላቸው፤ የፈዲላን ክፍል ሳትደብቅ፣ የራሷንም ሳታስቀር። እውነተኛ ትርጉም ስሰማ ያ የመጀመሪያዬ ነበር።

ከዚያ የሆነውን ባጭሩ ልበል። የጋርባሳሩን ዕዳ ኤዶ ዳሀቦ ተሸከመችው። ሻምሶ ወሬውን አስተካከለች፤ ግን ስታሰራጭ የነበራትን ድምፅ ያህል አልነበረም። የኸሊፋ እናት ለዕርቅ መጣች፤ ኸድራ ግን ሌባ ሲሏት አንድ ጊዜ እንኳ መጥቶ ያልጠየቃትን ሰው አላገባም አለች። ዛሬ ዳሚ የራሷ ስፌት ቤት አላት። በኢድ ከእናቴ ጋር መንገድ ላይ ሲገናኙ ሰላም ይባባላሉ፤ ቤታችን ግን አትገባም። እናቴም ግቢልኝ ብላ ለምናት አታውቅም፤ ለመለመን ፊት የለኝም ትላለች።

ይህ ሁሉ ከመሆኑ በፊት ግን፣ ገና እናቴ ከጉልበቷ ሳትነሳ፣ ኸድራ ኤዶ ዳሀቦን ጠየቀቻት።

«ከመቼ ጀምሮ ነው የምታውቂው?»

«ሪያድ የታመመ ጊዜ» አለች ኤዶ ዳሀቦ።

«ከረመዳን በፊት?» ኸድራ መዳፎቿን አየቻቸው። «ጾሜን ድንጋይ ስሸከም ታውቂ ነበር?»

ኤዶ ዳሀቦ ሻሿን ወደ ፊቷ ሳበች። ኸድራ አልጮኸችም፤ ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። «ሰዉ ሁሉ በራሷ አፍ ይቅርታ ብላለች ይለኛል» አለች ዝግ ብላ። «እኔ ይቅርታ አላልኩም። የምለው በደል አልነበረኝም።» ከዚያ ወደ መጋረጃው መጥታ ገለጥ አደረገችው። ለረጅም ጊዜ አየችኝ። ጸጉሬን የምትሠራበት ዓይን አልነበረም።

«የበደላችሁኝ ሦስት መስላችሁኝ ነበር» አለች። «አራት ናችሁ።»

ኤዶ ዳሀቦ ፊቷን በሻሿ ሸፍናለች፤ እናቴና ፈዲላ ያለቅሳሉ። ሼህ ፋራህ የሚተረጉምላቸው ሲያጡ ወደ እኔ ዞሩ።

«ምን አለች፣ ልጄ?»

«አራት ናቸው ነው የምትለው» አልኳቸው በሱማሊኛ።

ሼሁ ሴቶቹን አንድ በአንድ አዩና ግራ ገባቸው።

«አራተኛዋ ማን ናት?»

«እኔ» አልኩ።